ቴአትሩን እንደ ቴአትር ዳኙት

በሰሜን ሸዋ በሚካሄድ አንድ የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ውድድር፣ የስድስት ልጆች ሥራ ሰሞኑን ከቴአትር ዘርፍ ተሰርዟል። ጨርሶ አልተጣለም። ወደ «ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን» ነው የተዛወረው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ባነር ተመድቦለታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ምክንያቱን ሲጠየቁ «ቴአትር የሚታየው በመድረክ ነው፤ በስልክ የሚታየው ጌም ነው» ብለዋል። ተጨበጨበላቸው አሉ።

እኔ አላጨበጭብም። ኤግዚቢሽን ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳው ከነአጃቢው ይመጣል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። መልሱን ሳይጨርስ «ጎበዞች፣ በርቱ» ብሎ ፎቶ ይነሳል። ያልፋል። ሃያ ደቂቃ ቆሞ፣ ስቆ ወይም ተክዞ የሚሄድ የለም። ልጆቹ የሠሩት ደግሞ የሃያ ደቂቃ ቴአትር ነው።

ሥራው በኦግመንትድ ሪያሊቲ የተዘጋጀ ነው፤ ስልኩ በካሜራው በሚያሳየው እውነተኛ ቦታ ላይ የተፈጠረ ምስል ይደርባል። ቦታው አንኮበር፣ የድሮው ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ተመልካቹ እዚያ ቆሞ ስልኩን ያነሳል። ዛሬ ጥቂት የግንብ ቅሪት ባለበት ስፍራ፣ ስክሪኑ ላይ ችሎት ተሰይሟል። ዳኛው ተቀምጧል፣ አጋፋሪው ቆሟል። ከነሱ ጋር ግን አንድ እውነተኛ ሰው አለ፤ የሚተነፍስ፣ የሚያልበው ተዋናይ። ባለዕዳው እሱ ነው። አበዳሪው የሚታየው በስልክ ብቻ ነው። እንደ ጥንቱ ሥርዓት ሁለቱ ቁራኛ ናቸው፤ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሯል። ስልኩን ዝቅ ስታደርጉት ባለዕዳው ከአየር ጋር ታስሮ ይታገላል። መልሳችሁ ስታነሱት አበዳሪው እዚያው ቆሞ ኩታውን ይጎትታል።

ይሄንን «ጌም» ያለ ሰው ሥራውን አላየውም። የማር ውርርድ እገባለሁ።

ከተደረደሩት ምክንያቶች ሁሉ ያስገረመኝ ግን «ስማርት ስልክ የሌለውን ማኅበረሰባችንን ያገላል» የሚለው ነው። እስቲ እንነጋገር። የግሼ ወይም የመርሐቤቴ ገበሬ ከተማ ገብቶ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ አዳራሽ ቁጭ ብሎ ቴአትር ያየው መቼ ነው? ያኔ ስለ መገለሉ ማን ተቆረቆረለት? ለአንኮበር ነዋሪ ይሄ ቴአትር ደጃፉ ድረስ ነው የመጣለት። ስልክ የሌለው ከልጆቹ ይዋሳል። አንድ ስልክ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ የኳስ ጨዋታ በአንድ ስልክ ተጠጋግቶ የሚያይ ሕዝብ ይሄ አይከብደውም። «ኔትወርክ የለም» ላሉትም መልስ አለ። አፑ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚሠራው በስልኩ ካሜራና እንቅስቃሴን በሚለካው ሴንሰር ነው። ልጆቹን ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር። ጥያቄ ካርድ አይበላም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሥራው ቴአትር መሆኑን ያወቅኩት፣ ልጆቹን ሲያስቸግራቸው የከረመው ሁሉ የቴአትር ችግር ስለሆነ ነው።

ልምምዳቸው ላይ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ባለዕዳውን የሚጫወተው ልጅ አበዳሪው አይታየውም። ስልክ አልያዘ፣ እንዴት ይየው? መጀመሪያ ላይ ዓይኑ ይቅበዘበዝ ነበር። አንዴ የአበዳሪው ደረት ላይ ያርፋል፣ አንዴ ከጭንቅላቱ በላይ ይሄዳል። በስክሪኑ ሲታይ ከሌላ ሰው ጋር የሚያወራ ይመስላል። የቴአትሩ አዘጋጅ (ዳይሬክተሯ) ምን አደረገች? የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ ተከለች። በአበዳሪው ዓይን ትክክል ቀይ ፕላስተር ለጠፈችበት። «ያበደረህ ይሄ ነው፤ እሱን እየው» አለችው። ልጁ ከመጥረጊያ እንጨት ጋር ተሟገተ። ጮኸበት፣ ለመነው፣ አንድ ቀን እንባው መጣ። ከዚያ እንጨቱ ተነቀለ። ዓይኑ ግን እዚያው ቀረ። ይሄ ፕሮግራሚንግ ነው? ትወና ነው እንጂ፤ ያውም ከባዱ ትወና።

ሌላም አለ። ስልኩ የፈጠረውን ሰው የሚስለው ከእውነተኛው ሰው ላይ ደርቦ ነው። ልጁ በአበዳሪው ፊት ሲያልፍ፣ ከፊት መሆን ሲገባው ተውጦ ይቀራል። ክንዱ የተቆረጠ ይመስላል። አንዳንድ ስልኮች ርቀት ለክተው ይሄን ያስተካክላሉ። በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው ስልክ ግን እዚያ አልደረሰም። የኮምፒዩተር ተማሪው መላውን በኮድ ሲፈልግ ሰነበተ። አዘጋጇ በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። ተመልካቹን በአንድ ወገን ብቻ አቆመችው፤ የልጁንም እንቅስቃሴ ቀየረች። አሁን ልጁ በአበዳሪው ፊት አያልፍም፤ ሁልጊዜ በጀርባው ዞሮ ነው የሚሄደው። እንዲያውም ትዕይንቱ አማረ። ባለዕዳ ደግሞ ካበደረው ሰው ዓይን መሸሹ ያለ ነው።

ጉሙስ? አንኮበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሜራው ቦታውን የሚለየው በሚያያቸው ምልክቶች ነው፤ በድንጋይ ጠርዝ፣ በሣር ጉች፣ በግንብ ስንጥቅ። ጉም ሲወርድ ሁሉም ነጭ ይሆናል። ስልኩ የቆመበት ይጠፋዋል። ችሎቱ ከነዳኛው ቀስ እያለ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ልጆቹ «ቤተ መንግሥቱ ተሰደደ» እያሉ ይስቁ ነበር። በኋላ ድርሰቱን የጻፈችው ልጅ ጉሙን ታሪኩ ውስጥ አስገባችው። ጉም ሲመጣ ዳኛው «ችሎቱ ተነሥቷል» ይላል፤ ምስሉ ይጠፋል፤ ባለዕዳው ከነኩታው ብቻውን ይቀራል። ሰማዩ እስኪገለጥ ሕዝቡን የሚይዘው እሱ ነው። መድረክ ላይ መብራት ጠፍቶበት ንግግሩን የቀጠለ ተዋናይ ይሄ ምን ያህል እንደሚከብድ አይነገረውም።

ደግሞስ መጋረጃና መድረክ የመጣልን መቼ ነው? ከአዳራሽ በፊት በላ ልበልሃ የሚባለው የጥንቱ የችሎት ሙግት ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እያወዛወዘ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረደ ይሟገታል። ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይፈርዳል። ተጣልተው መንገድ ላይ የተያያዙ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን የመንገድ ዳኛ ያደርጉት ነበር። ልጆቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ተመልካቹ የመንገድ ዳኛ ነው። መጨረሻ ላይ ባለዕዳው ዞሮ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዉ በአፉ ይመልሳል። ከግንቡ ኋላ የተቀመጠ አንድ የቡድኑ ልጅ ድምፁን ሰምቶ፣ ለብዙኃኑ የሚስማማውን ፍርድ ይለቃል። ስልኮቹ በአንዲት ትንሽ ራውተር ስለተያያዙ ዳኛው በሁሉም ስልክ እኩል ይናገራል። እኔ የነበርኩበት ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች በፍርዱ ሳይስማሙ ቀሩ። ቴአትሩ አልቆ ሙግቱ ቀጠለ። የትኛው አዳራሽ ነው ይሄን የሚያደርገው?

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይሄን ማስረዳት አልነበረብኝም። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። የቴአትራቸው ገጸ ባሕርያት አውሬዎች ነበሩ። የባለሥልጣናቱን ጉድ የሚናገር ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ያገዱት ሰዎች ግን ቢያንስ ቴአትር መሆኑን አልካዱም። የፈሩትም ቴአትር ስለሆነ ነው። የኛ ኮሚቴ ከነሱም አነሰ።

አንድ የኮሚቴው አባል «እንዲህ ያለ ቴአትር የት አገር ነው ያለው?» ሲሉ ተሰምተዋል። እንግሊዝ አገር አለ። ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢንቴል ጋር ሆኖ ሴንሰር የለበሰ ተዋናይ መድረክ ላይ አውጥቷል። የተዋናዩ እንቅስቃሴ እዚያው በዚያው የዲጂታል መንፈስ ሆኖ ይታይ ነበር። አሜሪካም የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የመዝናኛ ቴክኖሎጂ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም መሥራቾቹ ሁለት ነበሩ፤ ራንዲ ፓውሽ የኮምፒዩተር፣ ዶን ማሪኔሊ የድራማ መምህር። እዚያ የኮዱም የትወናውም ተማሪ በአንድ ቡድን ይሠራል። እኛ ጋ ልጆቹ ማንም ሳያገናኛቸው በራሳቸው ተገናኙ። ሽልማታቸው ጠረጴዛ ሆነ።

የሚያበሽቀኝ ደግሞ ይሄ ነው። በየስብሰባው «ዲጂታል ኢትዮጵያ»፣ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሲባል ቀድመው የሚያጨበጭቡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ኮደር ይብዛ ይላሉ። አንዱ ኮደር ከቴአትር ተማሪ ጋር ተቀምጦ የምር የሆነ ነገር ሲሠራ «ይሄ የኛ ዘርፍ አይደለም»። ታዲያ የማን ነው? አምስቱ ሚሊዮን ሁሉ የባንክ አፕ ሊሠሩ ነው?

«ቤተ መንግሥቱን በግምት ነው የሠሩት» የሚል ወቀሳም አለ። በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ከመጣው ከእንግሊዙ መልዕክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ነበር። አንኮበርንም ሥሏል። ልጆቹ የተነሡት ከሥዕሎቹና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ነው። የጎደለውን በምናብ ሞሉት፤ እና ምን ይጠበስ? አዳራሽ ውስጥ በካርቶንና በአቡጀዴ የሚቆመው ቤተ መንግሥት በመሐንዲስ ተለክቶ ነው እንዴ?

አንድ ነገር ልመን። ሃያ ደቂቃ ስልክ ማንሳት ክንድ ያዝላል። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ በደንብ አይታይም፤ ስልኩም ይግላል። ልጆቹ ለዚህ ነው ጠዋትና አመሻሽ ላይ የሚያሳዩት። የአዳራሹ ፕላስቲክ ወንበርም እኮ ወገብ ይቆርጣል። እሱን ግን ማንም ከቴአትር ዘርፍ አልሰረዘውም።

ውድድሩ ገና አልተጀመረም፤ ውሳኔው ሊታጠፍ ይችላል። ጠረጴዛውን ለሚፈልገው ስጡት። ዳኞቹ አንድ ጠዋት አንኮበር ይውጡ። እንደ ማንኛውም ቡድን በድርሰት፣ በዝግጅትና በትወና ነጥብ ይስጧቸው። ካልጣማቸው ዜሮ ይስጡ፤ ግን አይተው። ጋቢ ይያዙ፣ ጠዋት ላይ ይበርዳል። የስብሰባ ጫማ ግን አይሆንም፤ መንገዱ ዳገት ነው።