ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥስ?

ሰሞኑን መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። ሦስተኛ ምልልሴ ነው። የመጀመሪያው ቀን "ሲስተም የለም" ተባልኩ። በሁለተኛው ፈራሚዋ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ከፊቴ ነጠላ የለበሱ እናት ተሰልፈዋል። ወረቀታቸው ላይ ማኅተም ሲያርፍ እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ መረቋት። "ከክፉ ይሰውርሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ትልቅ ቦታ ያድርስሽ።" ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ኋላ ኋላ እያሉ ወጡ።

ምርቃቱስ ደስ ይላል። ጎንበስ ማለታቸው ነው የከነከነኝ። የወሰዱት የራሳቸውን ወረቀት ነው። የአገልግሎቱንም ከፍለዋል። አወጣጣቸው ግን ትልቅ ውለታ እንደተዋለለት ሰው ነው።

ውለታ። ከመንግሥት ጋር የምንነጋገርባት ቃል ይቺው ናት። መብት "ተሰጠን" እንላለን፤ "ተፈቀደልን" እንላለን። ከልጅነታችን የሰማነውም ተረት አለ፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

እንግሊዞችም በራሳቸው ቋንቋ ይህንኑ ሲሉ ኖረው ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ግን የገዛ ንጉሣቸውን፣ ቀዳማዊ ቻርልስን፣ ለንደን ውስጥ አደባባይ አውጥተው አንገቱን ቀሉት። ያን ቀን ብርዱ ኃይለኛ ነበር። ንጉሡ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ወጣ፤ በብርድ ቢንቀጠቀጥ ፈርቶ ነው እንዳይሉት። ችሎት ፊት ሲያቀርቡት ደጋግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ በማን ሥልጣን ነው የምትዳኙኝ? ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የሚያጠግብ መልስ የሰጠውም አልነበረም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጆን ሎክ የሚባል፣ በኋላ ትልቅ ፈላስፋ የሆነ፣ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። አባቱ ከፓርላማው ጦር ጋር ሆኖ ንጉሡን የወጋ ሻምበል ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ የለየለት የንጉሡ ሰው፤ ያን ዕለት ተማሪዎቹን ሰብስቦ ለንጉሡ ጸሎት አስደረሰ ይባላል። እስቲ አስቡት። ቤቱ የንጉሡ ከሳሽ፣ ትምህርት ቤቱ ለንጉሡ ጸሎት አድራሽ። ልጁ መሀል ላይ።

ንጉሡ ተገደለ፤ ቀጥሎ የመጣው ግን የጦር አለቃ አገዛዝ ነው። በ11 ዓመቱ የሟቹ ልጅ ዙፋኑን መልሶ ያዘ። ንጉሥን መግደል ጥያቄውን አልፈታውም ማለት ነው።

የንጉሡና የፓርላማው ጦርነት ሊነሳ ሲል ሸሽቶ ፓሪስ የተቀመጠው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 መልሱን አሳተመ። ሆብስን ባማርኛ አሳጥረህ ተናገር ብባል "የባሰ አታምጣ" እላለሁ። መንግሥት ከሌለ ሰው ሰውን ይበላል፤ ስለዚህ ሥልጣናችሁን ጠቅልላችሁ ለአንድ ጉልበተኛ ስጡና አርፋችሁ ተቀመጡ ነው ነገሩ። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ያልን ሰዎች ነን። በሆብስ አልስቅም። ሐሳቡ ጦርነት ያየ ሰው ስጋት ነው።

ሎክ ግን በሌላ በኩል መጣ። መጀመሪያ የተነሳው ሮበርት ፊልመር በሚባል ጸሐፊ ላይ ነው። ፊልመር ነገሥታት ሥልጣናቸውን ከአዳም ነው የወረሱት ይላል። ሎክ ይህን ለማፍረስ አንድ ሙሉ ድርሳን ጻፈ። እሺ፣ አዳም ንጉሥ ነበር እንበል፤ ዛሬ ወራሹ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እኛ ከአዳም ባንጀምርም ከሰሎሞን ጀምረናል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የዘውዱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ነው የሚቆጥረው።

በሁለተኛው ድርሳን የራሱን ሐሳብ አስቀመጠ። ሰው የእግዚአብሔር የእጅ ሥራ ነው ይላል። (የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ሁሉ እግዜር የለሽ ይመስለን ነበር፤ የሎክ መሠረት ግን ይኸው ነው።) ስለዚህ ሰውን ማንም የግሌ ነው ሊለው አይችልም። ሕይወቱ፣ ነፃነቱና ንብረቱ መንግሥት ከመኖሩ በፊት የእሱ ናቸው። ታዲያ መንግሥት ለምን አስፈለገ? ሰው በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ስለሚዛባ። የጋራ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ሰዎች ተስማምተው ያቆሙታል።

እዚህ ላይ ሎክ የመረጣት ቃል ናት የምትገርመኝ። የገዢውን ሥልጣን ደጋግሞ የሚጠራው እኛ አደራ በምንለው ቃል ነው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። አደራ ምን እንደሆነ፣ አደራ በላም ማን እንደሆነ እናውቃለን። ክፍለ ሀገር ስሄድ የቤቴን ቁልፍ ጎረቤቴ ጋ አስቀምጣለሁ። ስመለስ "ቤትህ እንድትገባ ፈቅጄልሃለሁ" ቢለኝ አብዷል እላለሁ። አመሰግነዋለሁ እንጂ ለቁልፌ ጎንበስ አልልለትም። ቤቱን ሲሸጥ ካገኘሁትማ ቁልፉን መቀበሌ ብቻ አይበቃም።

እንዲህ ከሆነ ሕዝብ በየቀኑ ሊያምፅ አይደል? ሎክ ጥያቄውን አስቀድሞ አይቶታል። ሕዝብ ቻይ ነው ይላል፤ ትልልቅ ስህተት እንኳ ሲሠራበት ዝም ይላል። የሚነሳው በደሉ ተደራርቦ ወዴት እየተወሰደ እንደሆነ ሲገባው ነው።

ይህን መጻፍ ቀልድ አልነበረም። አልጀርኖን ሲድኒ የተባለ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ፣ ሳያሳትመው፣ ቤቱ ውስጥ ተገኘበት። ሕጉ በአገር ክህደት ለመፍረድ ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ የተገኘው አንድ ነው። ሁለተኛው ምስክር የገዛ ጽሑፉ ይሁን ተባለ። በ1683 ተሰየፈ። ሎክም በዚያው ዓመት ወደ ሆላንድ ሸሸ። ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጽሐፉን ሲያሳትም ስሙን አላወጣም። የእኔ ነው ብሎ ያመነው በ1704 ከመሞቱ በፊት፣ በኑዛዜው ነው።

ሰውየውን አሞግሼ ብቻ ባልፍ ግን አደራ መብላት ይሆንብኛል። ይኸው ሎክ በባሪያ ንግድ ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ ነበረው። በ1669 የአሜሪካዋ ካሮላይና ሕግ ሲረቀቅ ጸሐፊ ሆኖ እጁን አስገብቷል። ሕጉ ለማንኛውም ነፃ ሰው በጥቁር ባሮቹ ላይ ፍጹም ሥልጣን ይሰጣል። ከመቶ ዓመት በኋላም የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ፊላደልፊያ ውስጥ በተከራየው ቤት ሆኖ፣ የሎክን ሐሳብ ተከትሎ፣ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ ሲጽፍ፣ ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል የ14 ዓመት ባሪያ አብሮት ነበር፤ የሚያገለግለው። የታሪክ ሰዎች ልጁ የጄፈርሰን ሚስት የአባቷ ልጅ ነው ይላሉ። ሄሚንግስ ነፃ የወጣው በ1794 ነው፤ ዋጋውን ከፍሎ። ተፈጥሮ የሰጠውን ገዝቶ ማለት ነው። ሐሳቡ ከደራሲዎቹ በላይ ትክክል ነበር እላለሁ፤ እነሱ ከጻፉት ያነሰ ኖሩ።

ወደ እኛው እንመለስ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ነበር። በ1987 የወጣው ግን አንቀጽ 10 ላይ ሰብዓዊ መብቶችና ነፃነቶች "ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ" ናቸው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ስለ ሰነዱ ብዙ እንጨቃጨቃለን፤ እኔም የምጨቃጨቅበት አለኝ። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ግን አልሰጥም። ሎክ ቢያነባቸው የእሱን እጅ ጽሑፍ ይለያል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ "ተፈጥሮ" ብለን መስኮቱ ላይ "ውለታ" ማለታችን ነው።

ይህን ሁሉ ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳወጣና ሳወርድ ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ቀና አለች። ከሎክ እስከ አንቀጽ 12 ልቤ ሙሉ ነው። ጎንበስ አልኩና "እህቴ፣ እባክሽ ተባበሪኝ" አልኳት።

"ሲስተሙ ጠፋ፣ ከሰዓት ተመለስ" አለችኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ።