ይድረስ ለፊት ወንበር ተንታኝ፣ ባሉበት

ቀን፦ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር የፊት ወንበር ተንታኝ
በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት

ጉዳዩ፦ እንዲቀመጡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎ ተሻለዎት? ትናንት ማታ የፉልሃም ጨዋታ ሲያልቅ ድምፅዎ ተዘግቶ ስለነበር አሳስቦኛል። ማንቸስተር ዩናይትድ ያለ እርስዎ ድምፅ እንዴት እንደሚሆን ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ደብዳቤ በአካል ባመጣልዎት ደስ ባለኝ። ግን እንደሚያውቁት ወደ እርስዎ ለመቅረብ የፊት ወንበር ማግኘት ያስፈልጋል። የፊት ወንበር ለማግኘት ደግሞ በጊዜ መጥቶ በር ላይ መሰለፍ ነው። እርስዎ ሲሰለፉ ያየ ሰው እስካሁን አልተገኘም። አስተናጋጁ ጃኬት ጥሎ ይይዝልዎታል። ለጃኬቱ መግቢያ ይከፈል አይከፈል ጠይቄ አላውቅም።

እንግዲህ የትናንቱን ላስታውስዎት። ለእርስዎ ተራ እሑድ ነበር። ፍልሰታ ተፈትቶ ሰዉ ሁሉ ፊቱ ወዛ ወዛ ብሏል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጨዋታው የሚጀምረው 12፡30 ነው። እኔ ጭቃው ላይ ቆሜ፣ ከፍዬ፣ ተፈትሼ ገብቼ ሦስተኛው ረድፍ ደረሰኝ። ልክ ከጀርባዎ።

ከእረፍት በፊት የማዕዘን ምት ሲሻማ የፉልሃሙ ባሲ የኛን ማሰን ማውንትን ታግሎ ጣለው። ዳኛው ቫር (የቪዲዮ ድግግሞሹን) አይቶ ፔናልቲ ሰጠ። እርስዎ የተነሱት ያኔ ነው። ስልክዎን ወደ ላይ ከፍ አድርገው የቆረጡትን የቤቲንግ ቲኬት ለሕዝብ አሳዩ። ማንቼ ያሸንፋል፣ ብሩኖ ያገባል። «ይቺ ከገባች ነገ ምሳ በኔ ነው!» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ለምሳው ስል።

ብሩኖ ፈርናንዴዝ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ዳኛው ገጨው። ይህን በዓይኔ አየሁ። ብሩኖ ተናደደ፣ ኳሷን እንደገና አስተካከለ። ከዚያ እርስዎ ሁለት እጅዎን ዘረጉ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቫን ፐርሲን ነው።

ጀርባው ላይ የዚህ አጥቂ ስም ያለበት ማልያዎ የድሮ ነው፣ ፐርሲ ከአርሰናል የመጣበት ሰሞን የተገዛ። «ቫን» የሚለው ተልጦ አልቋል። የ20ዋ ዜሮ ከታች በኩል ተላቃ ትንፏቀቃለች። ከአንገትጌው ሥር የሲጋራ የምታህል ቀዳዳ አለች። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ካሉኝ፣ ፔናልቲው ሲመታ የነበረኝ እይታ ይሄ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ እንደሄደች የነገረኝ የቤቱ «ኡኡኡ» ነው።

እሺ፣ ድግግሞሹን ልይ ብዬ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ» አልኩ። ጋሼ ነው ያልኩት። ምስክር አለኝ።

ዞሩ። «አንተ ነህ እንዴ? የብሩኖ አማች! ሰዎች፣ ለዚያ ጉድ ሁልጊዜ ጥብቅና የሚቆመው ይሄ ነው። በል ና፣ ቲኬቴን አንተ ክፈል!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን ይዞ ሳቀ። እኔ መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት የቤቱ ባለቤት መጣና «አንተ ልጅ፣ ሰላም አትንሳን፣ ኋላ ሂድ» አለኝ። አንተ ልጅ! የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ወረዳ እንኳ ቢያንስ «ነገ ና» ብሎ በክብር ነው የሚመልሰኝ።

ኋላ ማለት ከምሰሶው ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሜዳው ግማሽ ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላ የኛን የሌኒ ዮሮን ኳስ የፉልሃሙ ሙኒዝ በራሱ ላይ ሲያገባው በተጋረደው ግማሽ ገባ፤ እልልታውን ሰማሁ። ስሚዝ ሮው ለፉልሃም ሲያስቆጥር ግን ጥርት ብሎ ታየኝ። 1 ለ 1። ሽንት ቤት የሚመላለሰው ሁሉ «አይዞህ አማች» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አለፈ።

ይባስ ብሎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የመሥሪያ ቤቴ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበር። አላየሁትም ነበር። ዛሬ ጠዋት የውሎ አበል ቅጽ ላስፈርም ብገባ፣ ቀና ብሎ አየኝና «የብሩኖ አማች፣ እዚህ ጋ ማኅተም ይቀርሃል» አለኝ።

ወደ ድሮው ልመለስ። በ2021 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) ከአስቶን ቪላ ጋር በመጨረሻዋ ደቂቃ ብሩኖ ፔናልቲ ሲስት «ሮናልዶ ቆሞ እያየ!» ብለው የኔን ማኪያቶ ደፉ። ይቅር ብያለሁ። አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል 7 ለ 0 ስንሸነፍ አሥራ አንዱንም ትተው አንዱን ብቻ ሰደቡ። እሱም ይሁን።

ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር የተጫወትን ቀን ያደረጉትን ግን ይቅር ለማለት ካህን ያስፈልገኛል። ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጉልባናችንን በልተን፣ ሚስቶቻችንን «ቶሎ እመለሳለሁ» ብለን ወጣን። ጨዋታው በሌሊት 4 ሰዓት ጀምሮ ተጨማሪ ሰዓት ገባ። ሊዮን 4 ለ 2 መራ። እርስዎ ያኔ ተነሥተው ጃኬትዎን ለበሱ። «አለቀ። ይሸጥ! ከነማሊያው ይሸጥ!» ብለው በሩን በርግደው ወጡ። ብሩኖ ፔናልቲውን አገባ። ማይኑ ደገመ። ማጓየር በግንባሩ ጨረሰው፣ 5 ለ 4። እኛ እርስ በርስ ተቃቅፈን የማናውቀውን ሰው ስመን ወጣን። በነጋታው ስቅለት፣ ሰው ስግደት ላይ ላቡን እየጠረገ ሳለ፣ ቅጥሩ ሥር እርስዎ ሰዎች ሰብስበው «አላልኳችሁም? 4 ለ 2 ሆኖ እንኳ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ እምነት ነበረኝ» ሲሉ ሰማሁዎት። በስቅለት! ስግደቴን አቋርጬ ልናገር ነበር። ሁለት መቶ ላይ ደርሼ ስለነበር ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ዝም አልኩ።

ክቡርነትዎ በእግር ኳስ ዙሪያ ያለዎት እውቀት በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ «ይሸጥ»። አሰላለፍ ቢጠየቁ ይሸጥ። ቢሸነፍ ይሸጥ። ቢያሸንፍ «ዋጋው ሳይወርድ ይሸጥ»። በብሩኖ ላይ የዘወትር ክስዎ ደግሞ «ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ የሆነለት ቅምጥል ነው» የሚል ነው።

አልጋውን ላሳይዎት። በ2012፣ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ከቦአቪስታ የታዳጊ ቡድን ወጥቶ ጣሊያን ሄደ። ሚላን አይደለም፣ ጁቬንቱስ አይደለም፤ ኖቫራ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የወረደ ክለብ። ከዚያ ኡዲኔዜ፣ ከዚያ ሳምፕዶሪያ። አምስት ዓመት በሰው አገር፣ ትልልቆቹ ስሙን ሳይጠሩት። ሀገሩ ፖርቱጋል ተመልሶ ስፖርቲንግ የገባው በ2017 ነው። በ2018-19 የመሀል ሜዳ ተጫዋች ሆኖ በሁሉም ውድድር 32 ጎል አገባ። ማንቼ በጥር 2020 ሲያመጣው 55 ሚሊዮን ዩሮ የከፈለው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኝ ሲመጣ አሠልጣኝ ሲሄድ ይኸው እየተጫወተ ነው። የክለቡን የዓመቱ ምርጥ ሽልማት 4 ጊዜ ወስዷል፤ ከእሱ በፊት ይህን ያህል የወሰዱት ግብ ጠባቂው ዴ ኼያና ሮናልዶ ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት ቡድኑ 15ኛ ሲወጣ እሱ 19 ጎል ነበረው። 15ኛ ያደረገን እሱ ነው ማለት ነው?

በመሐል አንድ የዘለልኩት ዓመት አለ። ግንቦት 2018። ስፖርቲንግ ውጤት ስላጣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሃምሳ ያህል ደጋፊዎች አልኮቼቴ ያለውን የልምምድ ሜዳ ሰብረው ገቡ። መልበሻ ክፍል ድረስ ገብተው ተጫዋቾችን ደበደቡ። ባስ ዶስት ጭንቅላቱ ተፈነከተ። ብሩኖ እዚያ ነበር። ውሉን አፍርሶ ወጣ፤ በዚያው ክረምት ደግሞ ተመለሰ። እነዚያም ደጋፊ ነበሩ፣ ክቡር ሆይ። እነሱም አንድ ቀን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው «ልጁን ባገኘው» ብለው ነው የጀመሩት። ትናንት እርስዎ «ባገኘው አንገቱን ነበር» ሲሉ ከጎንዎ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ በአድናቆት ያይዎት ነበር። ያም አላሳቀኝም።

ደግሞ የሳውዲው ጉዳይ አለ። የሪያዱ ክለብ አል ሂላል ፈልጎት ነበር። የክለቡ ፕሬዝዳንት ደውሎ እንዳነጋገረው፣ አስቦበት ለመቅረት እንደወሰነ ብሩኖ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ሊሄድ ነው ሲባል «ብር አምላኪ» አሉት። ሲቀር «ፈሪ፣ ብር እየተሰጠው እምቢ የሚል ጅል» አሉት። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ወንበር ላይ ሆነው።

ሪያድን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋታል። እህትዎ እዚያ ናት። በየወሩ እንደምትልክልዎት የነገሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ መላው ቤት ያውቃል። የት እንደሚሄድም ያውቃል። እሷ በሰው ቤት ከሌሊት ጀምራ ቆማ የምትውልበትን ገንዘብ አንተ ቅዳሜና እሑድ ቤቲንግ ቤት ወረፋ ይዘህ ቲኬት ትቆርጥበታለህ። ስምንት ጨዋታ ትደረድራለህ፣ ኦዱ፣ ብርህን የሚያባዛው ቁጥር፣ ከፍ እንዲልልህ። ሲቃጠልብህ ጥፋተኛው ብሩኖ ነው። ለምን? እሱ ነው ቁረጥ ያለህ? የሳተው ለክለቡ ነው፣ ላንተ ቲኬት አልተቀጠረም! ደግሞ በእኔ ላይ ታስቀኛለህ!

ይቅርታ፣ ከክብርዎ ወረድኩ። ወደ ደብዳቤው ልመለስ።

ቅዳሜ በ11 ሰዓት ከበርንሌይ ጋር በሜዳችን እንጫወታለን። ፔናልቲ ከተገኘ የሚመታው እሱ ነው፤ ትናንት ስለሳተ አይደበቅም። ስለሆነም በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ዳኛው ነጥቡን ሲያመለክት እንዲቀመጡ። ካልተቻለ ቢያንስ ወደ ግራ ዘንበል እንዲሉ። እሱም ካልተቻለ ማልያዎን ይቀይሩ፤ ጀርባዎን ማየቴ ካልቀረ የሚነበብ ነገር ይኑርበት።

ከሰላምታ ጋር
ከምሰሶው ጀርባ ያለው ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት፦ ሳጥኑ ሚስማር አለው።
ለሒሳብ ክፍል፦ ዝምድና የለንም። ማኅተሙን አስመትቻለሁ፣ አበሌ ይለቀቅ።