ቆጣሪ ሳያዩ ቢል ማንበብ

የድሬዳዋን ሰው እንደ ኤሌክትሪክ ሊቅነቱ የማደንቀው ነገር የለም። ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈርም መጋላ ሰፈርም ወንበር ደጃፍ ይወጣል። ጉባኤው ይከፈታል። «አቦ፣ አንተ ጋ ስንት መጣ?»

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ስለ ብር ነው። ቆጣሪው የሚለካውን ፍጆታ፣ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ ነው። ሊቃውንቱ ባለ አምስት ልጁን ቤትና ላጤውን በአንድ ዐይን ያስተያያሉ። የአንዱ ቢል የሁለት ወር ውዝፍ ቢኖርበትም ግድ የለም። ብይኑ ያው ነው፤ «ቆጣሪው ይሮጣል።» በሯጭ የታወቀ አገር ውስጥ ቆጣሪው ቢሮጥ ምን ይገርማል?

ከሁሉም የማደንቃቸው አከራያችንን ነው። አመሻሽ ላይ የበረንዳዋን ባለ 9 ዋት አምፖል «ይቺ ናት የጨረሰችን!» ብለው ያጠፏታል። ከኋላቸው ምጣዱ ግሏል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሳበ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ያቺ ምስኪን አምፖል ያን ያህል ለመብላት ቀንና ሌሊት ሳትጠፋ 32 ቀን መብራት አለባት። ይህን ብነግራቸው «እሺ የኔ ምሁር፣ አሁን አጥፋት» አሉኝ።

በሰኔ ወበቅ ቬንትሌተር የከፈተ ተከራይማ ወንጀለኛ ነው። 60 ዋቱ በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ቢዞር በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ጊዜ እንጀራ ከመጋገር ያንሳል። ግን ቬንትሌተር ድምፅ አለው፣ ምጣድ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። ጩኸታም ይከሰሳል።

ደግሞ የፍቅር ከተማ ነን። አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንኖራለን። ታሪፉ ግን ፍቅር አይገባውም። ደረጃ አለው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ርካሽ ነው፣ ከ500 በላይ ሲሆን ዋጋው ጣሪያ ይነካል። የአምስታችን ሲደመር ቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም ቤት ያየናል። እኛ ታዲያ ስለ ደረጃው አንነጋገርም። የምንጣላው ፍሪጅ ያለው ስንት ይጨምር በሚለው ነው።

ትናንት ቢሉን ይዤ ቆጣሪው ጋ ሄድኩ። ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ልቀንስ ነበር። አከራያችን ከኋላዬ ደረሱ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ? ሰው ሲያይህ መብራት ሊሰርቅ ነው ይልሃል!»