ማስተርስ ልማር ወይስ ልተኛ?

ማስተርስ ልማር አልማር እያልኩ ማሰብ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ። ትምህርቱ የሚፈጀው ሁለት ዓመት ነው። ማመንታት የሚያስመርቅ ቢሆን ኖሮ አሁን ሁለተኛውን ጋዋን ለብሼ ፎቶ እየተነሳሁ ነበር።

«47 ዓመቴ ነው፤ ስጨርስ 49 ሊሆነኝ ነው» ያልኩት ሰው ሁሉ «ባትማርስ 49 መሙላትህ ይቀራል?» ብሎ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ፈገግ ይላል። አይቀርም። ግን ሳይማር 49 የሚሞላው ሰውዬ እንቅልፉን ጠግቦ ነው የሚሞላው። ይህን የሚያነሳልኝ ጠፋ።

ልጄ ደግሞ ምሳሌ አታጣም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይ በ1970ዎቹ ለሙዚቃ ብሎ የተወውን የአስትሮፊዚክስ ዶክትሬት እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ60 ዓመቱ ጨረሰ አለችኝ። እውነት ነው። ግን ያጠናው በፀሐይ ዙሪያ ስላለ ብናኝ ነው፤ ብናኝ ይታገሳል። የእኔ አካውንቲንግ ነው። የኪራይ ሒሳብ አያያዝ ብቻ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 16 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ ሲመጣ የተማርኩትን ገለባብጦታል። «እሺ፣ ጀርመናዊቷ ሐኪም ኢንገቦርግ ራፖፖርትስ? እ.ኤ.አ. በ2015 ዶክትሬታቸውን ሲቀበሉ 102 ዓመታቸው ነበር!» አለች። እሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1938 የከለከላቸው ናዚ ነው። እኔን ማን እንደከለከለኝ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ቅጹን ባለፈው ሳምንት ቆርጬ ከፍቼዋለሁ። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ስልክ፤ እስከዚህ ጎበዝ ነበርኩ። «ለምን መማር ፈለጉ?» የሚለው ጋ ስደርስ «ዕውቀቴን ለማዳበር» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና «ለምን እውነቱን አትጽፍም?» አለች።

«እውነቱ ምንድን ነው?»

«አንተ ሥራ ያስለመድከው ልጅ አለቃህ ሆነ።»

ዝም አልኳት። እሱ ብቻም አይደለም እኮ፤ «ማስተርስህን በምን ሠራህ?» ለሚለኝ ሁሉ «እየሠራሁ ነው» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

የባሰው ሪኮመንዴሽኑ ነው። ከሚያውቁኝ ሁለት መምህራን ይላል። የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ ሰው በሕይወት የሉም። አንደኛውን በአለቃዬ ሸፈንኩት (አዎ፣ በዚያው ልጅ)። ሌላኛው መምህሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስደውልላቸው ደስ ብሏቸው «አንተ! አለህ?» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ካወራን በኋላ ነው ከሌላ ተማሪ ጋር እንዳምታቱኝ የገባኝ። ያኛው መቼም ጎበዝ ነበር መሰለኝ። አላረምኳቸውም።

ትናንት ማታ መልሰው ደወሉ። «ልኬልሃለሁ፤ በርታ! የክፍሉ ስታቲስቲክስ ጀግና ማን ነበር እንግዲህ!»

ስታቲስቲክስን ያለፍኩት በሲ ነው፣ ያውም ደግሜ። ማመልከቻው ነገ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል።