ጥሪ ነው እያላችሁ ደሞዟን አታስረሱን

ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ነበር። እንደ ወጉ ሻማ በራ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሰርተፊኬት ታደለ። ከዚያ አንድ የጤና ኃላፊ ተነሥተው ነርስነት ጥሪ እንጂ እንደማንኛውም ሥራ አይደለም፣ የነርስ ትልቁ ክፍያ የታካሚ ምርቃት ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

በምርቃት የቤት ኪራይ የሚቀበል አከራይ የት ነው ያለው?

ይባስ ብለው የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ፀሐይን ጠቀሱ። የንጉሥ ልጅ ሆና ነርስነትን መርጣለች፣ ከእሷ ተማሩ ነው ነገሩ። እውነት ነው፣ በስደቱ ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ጨርሳለች። የሚያኮራ ታሪክ ነው። ግን ልዕልት ናት! የወር አስቤዛ እንቅልፍ ይነሳት ነበር ወይ? የንጉሥ ልጅን ለደሞዝ ጥያቄ መልስ አድርጎ ማምጣት ታሪኩንም ነርሶቹንም መናቅ ነው።

ባለፈው ዓመት አክስቴን በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አስታምሜያለሁ። ዋርዱ ውስጥ 24 ሕሙማን ተኝተዋል። ተረኛዋ ነርስ አንድ ናት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የአክስቴ ግሉኮስ ቆሟል፣ እጇም አብጧል። ሲስተር ስልኳን በጥርሷ ነክሳ በባትሪው ብርሃን ደም ሥር ትፈልግ ጀመር። የመጀመሪያው አልተሳካም። «እማማ፣ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ» አለቻት። በሁለተኛው ካኑላው ገባ። ፕላስተሩን ከኪሷ አወጣች። በራሷ ገንዘብ የገዛችው ነው። ጓንቱን ደግሞ እኔ ነኝ ከውጭ ፋርማሲ ያመጣሁት። ሊነጋ ሲል ኮሪደር ላይ ሻይ ሰጠኋት። የአራት ወር የዲዩቲ ክፍያ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ተረኛ ሆና የሠራችበት ገንዘብ፣ እንዳልገባላት የሰማሁት ያኔ ነው፤ እሱንም ጠይቄያት።

አክስቴ መርቃታለች። እስክትወጣ ድረስ መርቃታለች። ሲስተርም ምርቃቱን በደስታ ተቀብላለች። ግን ያ ምርቃት የእኛ ስጦታ ነው። መንግሥት ያለበትን ዕዳ በአክስቴ ምርቃት ማወራረድ አይችልም።

ጥሪ የሚሉት ነገርስ ለምን ነርስ ላይ ብቻ ይበረታል? ፓይለትም መብረር ይወዳል፣ ደሞዙን ግን በጭብጨባ አንከፍለውም። ሹመትም አገርን ማገልገል ነው ይባላል፤ መኪናው፣ ነዳጁና ቤቱ ግን ሳይጠየቅ ይመጣል። ሥራ መውደድ ነፃ ጉልበት ማለት የሚሆነው ሴቶች የሚበዙበት ሙያ ጋ ሲደረስ ነው። እናቶቻችንን በቤት ውስጥ ያደረግናቸውን ነው በሆስፒታል የምንደግመው።

ሥራ ማቆም ሲመጣ ደግሞ ቋንቋው ይቀየራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሆስፒታልን ከመብራትና ከእሳት አደጋ ጋር ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው አገልግሎቶች ጋር ይመድበዋል። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄ ይዘው ሥራ ሲያቆሙም ያለ እናንተ ሰው ይሞታል ተባሉ። የታሰሩም ነበሩ። እንግዲህ ይለይልን። ያለ እነሱ ሰው የሚሞት ከሆነ፣ የዲዩቲ ክፍያቸው አራት ወር የሚያድርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ደሞዝ ተጨምሯል የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ ጀማሪ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ግብርና የ7 በመቶ ጡረታ ሲነሳለት 8,600 ብር ገደማ ነው እጅ የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ከዚህ ላይ ምን እንደሚተርፍ ያውቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ዓለም ላይ 5.8 ሚሊዮን ነርስ ይጎድላል። ስለዚህ ያቺ በስልክ ባትሪ ደም ሥር የምታገኝ ልጅ ዱባይም ትፈለጋለች፣ ዋሽንግተንም ትፈለጋለች። አራት ዓመት አስተምረን፣ ፈትነን፣ ፈቃድ ሰጥተን፣ ከዚያ በምርቃት ልንይዛት ነው። አትያዝም። ብትሄድም አልፈርድባትም።

ኃላፊው ማመስገን ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው። ውዝፉ የዲዩቲ ክፍያ ይከፈል። ጓንትና ፕላስተር ዋርድ ውስጥ ይገኝ። ሌሊት ለ24 ሰው አንዲት ነርስ አትመደብ። የሚቀጥለው ግንቦት 4 ሳይደርስ ይህ ይደረግ፤ ሻማው ከዚያ በኋላ ይበራል።