ገዳማት ለብቻ፣ ከተሞች ለብቻ

ቅዳሜ ማታ አንድ ወዳጃችን ቤት ለጨዋታ ተጠርተን ብንሄድ፣ መጀመሪያ የታዘዝነው እጃችንን በሳሙና እንድንታጠብ ነበር። ቀጥሎ ቆሎው ከጠረጴዛው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ቅባቱና ጨው ካርቶኑን ያበላሻሉ ተባለ። በእንግድነት ሄጄ ቆሎ ስከለከል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጨዋታው ካርካሶን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ውስጥ የወጣ፣ ስሙንም በደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ባለ ግንብ ከተማ የወሰደ ነው። መንገድ፣ ግንብ፣ ሜዳና ገዳም የተሣለባቸው 72 ካሬ ካርቶኖች አሉት፤ ተጫዋቾች በየተራ አንድ አንድ እያነሡ መንገዱን ከመንገድ፣ ግንቡን ከግንብ እያጋጠሙ ጠረጴዛው ላይ አገር ያቀናሉ። ከዚያም ትንንሽ የእንጨት ሰዎቻቸውን ያሰፍራሉ። ከሁሉ የማዝነው ለገበሬው ነው፤ ሌላው ቆሞ ሲሠራና ነጥቡን ይዞ ወደ ጌታው ሲመለስ፣ እሱ ሜዳው ላይ በጎኑ ይጋደምና ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ የሚያነሣው የለም።

ወዳጃችን ግን የሚያስጨንቀው የአገሩ መቅናት ሳይሆን አቀማመጡ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ብሎንና ፊውዝ የሚለዩበትን ባለ ብዙ መሳቢያ የፕላስቲክ ሣጥን ከመርካቶ ገዝቶ፣ ስድስቱን ገዳማት በአንድ መሳቢያ፣ ቀጥ ያሉትን መንገዶች በሌላ፣ የሚታጠፉትን ደግሞ በሌላ ከቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስሙን ለጥፎበታል። «ገዳማት» የሚለው ጽሑፍ ዙሪያውን ሐረግ ሳይቀር ተሥሎለታል። የጨዋታው ሕግ ደግሞ ካርቶኖቹ ተደባልቀው፣ ጀርባቸው ብቻ እየታየ እንዲነሡ ያዝዛል። ስለዚህ እኛ በመጀመሪያ እናደባልቃለን፣ እሱ በመጨረሻ ይለያል፤ በመካከል የምትቀረው ጊዜ ጨዋታ ትባላለች።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። በዚህ ከተማ ከሠርግ እስከ ቤት እድሳት ድረስ የማታገለግልበት ቦታ የለም። ለሳሎኑ ጂፕሰም ኮርኒስ ገንዘቡን ጨርሶ፣ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ ኮርኒሱን የሚያደንቅ ሰው አውቃለሁ። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ቁልፉ አልሠራ ሲለው ሪሞቱን በመዳፉ የሚደበድብ ቤተ ዘመድ የሌለው አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ቡፌውን ላንሣው ወይስ ልተወው? አልተወውም። በልጅነቴ ወደ አንዲት ዘመዳችን ቤት በተላክሁ ቁጥር፣ ከመስተዋቱ በስተጀርባ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ ስኒዎች ተደርድረው እያየኋቸው፣ ለእኔ ሻይ የሚቀርብልኝ እጀታው በተነቀለ የብረት ኩባያ ነበር። ከንፈሬን እያቃጠለኝ «እነዚያ ለማን ናቸው?» ብል፣ «ለእንግዳ» ተባልሁ። እንግዳው እስከ ዛሬ አልመጣም። ዕቃ የሚከበረው ለሰው ሲባል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ሰው የዕቃ ጠላት ሆኖ ይታያል፤ ልጅ የስኒ ጠላት ነው፣ እንግዳ የሶፋ ጠላት ነው፣ አሁን ደግሞ ተጫዋች የመጫወቻ ጠላት ሆኖ አረፈው። ይህ አያስቅም።

አባቶቻችን በጨዋታ ዕቃ አልተጨነቁም። ገበጣ መሬት ተቆፍሮ በጠጠር ይጫወቱታል፤ ሲያበቃም ጠጠሩ እዚያው ይቀራል። ዳማ በቆርኪ ነው፤ የአንዱ ቆርኪ በሆዱ የሌላው በጀርባው ይደረደራል፣ አንዱ ቢጠፋ ከጎረቤት ግሮሰሪ ይተካል። መኳንንቱ የሚጫወቱት ሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገራችን የጥንት ቼዝ፣ እንኳ ሰሌዳው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ጠቅልሎ መሄድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። የዚያ ጨዋታ መክፈቻ ወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ወዳጃችን እዚያ ቢገኝ ኖሮ ወረራው ሳይጀመር ፈረሶቹን በመሳቢያ ይከትት ነበር።

ለነገሩ የቅዳሜው ጨዋታ አላለቀም። ጥቂት ካርቶኖች ሲቀሩ መሽቷልና መለየት እንጀምር ተባለ፤ እየመራች የነበረችው እህታችንም ድሏ ሳይነገር «ቀጥ ያሉ መንገዶች» እንድታነሣ ታዘዘች። ይኸኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ካርካሶን አንድ የጨርቅ ከረጢት ብቻ እንደሚበቃው፣ ካርቶኑ ሁሉ እዚያ ገብቶ እንደሚደባለቅ፣ እጅ እየተከተተም እንደሚወጣ፣ ልብስ ሰፊም በግማሽ ሰዓት ሰፍቶ እንደሚሰጥ በዝርዝር አስረዳሁት። ሐሳቡን እጅግ ወደደው። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ፣ በየቀለሙ ሊያሰፋ ነው፤ የገዳማቱ ነጭ ይሆናል።