ቤንጋሉሩ ለሄደ ቤተሰብ ማይሶር ይቆይ፣ ላልባግ ይቅደም

ለህክምና ወይም ለትምህርት ወደ ደቡብ ህንዷ ቤንጋሉሩ የሚሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሆስፒታሉ፣ ከግቢያቸውና ከእንግዳ ማረፊያቸው በቀር ከተማዋን ሳያውቋት ይመለሳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2019 እ.ኤ.አ. የመንገደኞች በረራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ቀሏል፤ አስታማሚውም ጠያቂውም ልጆቹን ይዞ መሄድ ጀምሯል። ሐኪሙ «ውጤቱ እስኪደርስ ጠብቁ» ሲል የሚገኘው ክፍት ቀን ግን ወይ በአልጋ ጠርዝ ላይ ስልክ ሲነካካ ይመሻል፣ ወይም መኪና ተከራይቶ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ማይሶር ቤተ መንግሥት ሲሮጥ ያልቃል። ማይሶር ድንቅ ከተማ ናት፤ ነገር ግን አዛውንትና ሕፃን ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ መሄድ ማረፍ ሳይሆን ሌላ ድካም ነው። ከቤንጋሉሩ ሳይወጡ፣ በደቡቡ የከተማዋ ክፍል፣ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራና ጥንታዊ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ጎን ለጎን ስለሚገኙ ቀኑን እዚያው ማሳለፍ ይሻላል እላለሁ።

የአትክልት ስፍራው ላልባግ ይባላል። ወደ 97 ሄክታር የሚሆነውን ይህን ቦታ በ1760 ማስተከል የጀመረው የማይሶር ሙስሊም ገዥ ሃይደር አሊ ነው፤ ልጁ ቲፑ ሱልጣን ደግሞ ከሩቅ አገሮች ዘርና ችግኝ እያስመጣ አሰፋው። ቲፑ በ1799 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ከወደቀ በኋላ ስፍራው በድል አድራጊዎቹ እጅ ገባ፤ በ1856 የመንግሥት የዕፅዋት ማዕከል ሆነ፤ በ1889 የመስታወት ቤቱ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ክሩምቢገል የተባለ ጀርመናዊ አትክልተኛ ለብዙ ዓመታት መራው። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ አሸናፊው የተሸናፊውን ዛፍ አለመንቀሉ ነው። ሥልጣን በተለዋወጠ ቁጥር አዲሱ ባለሥልጣን በነበረው ላይ ጨመረበት እንጂ ከሥሩ አልጀመረም፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ አንድ የሠራተኛ ቤተሰብ የሁለት ምዕተ ዓመት ዕድሜ ካለው ዛፍ ሥር ምሳውን ዘርግቶ ይበላል። ይህን ለልጆች ቦታው ላይ ሆኖ መንገር በክፍል ውስጥ ከሚሰጥ የታሪክ ትምህርት የበለጠ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

በግቢው ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው የሚባል ራቁት ዓለት አለ። ልጆች ሮጠው ይወጡታል፤ ጉልበቱ የማይችል አዛውንት ከግርጌው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ የድንጋይ ማማ በ1537 ከተማዋን ከቆረቆረው ከኬምፔ ጎውዳ ስም ጋር የተያያዘች ስትሆን፣ የከተማዋን ድንበር ታመለክታለች ይባላል። ከማማዋ ሥር ቆሞ በአራቱም አቅጣጫ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋውን ሕንፃ ያየ ሰው ቤንጋሉሩ ምን ያህል እንዳደገች ያለ አስጎብኚ ይረዳል።

ከላልባግ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ርቆ ባሳቫናጉዲ ሰፈር ውስጥ የበሬው ቤተ መቅደስ ይገኛል። በውስጡ የተቀመጠው ናንዲ፣ ማለትም ሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ መጓጓዣ ነው የሚሉት ኮርማ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን ቁመቱ ወደ 4.5 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ በተፈጥሮው ግራጫ ነው፤ ለዘመናት በከሰልና በዘይት ሲታሽ ኖሮ ግን ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው የአበባ ጉንጉንም በዚያ ጥቁረት ላይ ደምቆ ይታያል። የሰፈሩ አፈ ታሪክ ለልጆች የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ኮርማ የገበሬዎችን ለውዝ እየበላ ሲያስቸግር አንዱ ገበሬ በዱላ ይመታዋል፤ ኮርማው እዚያው ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ማደጉን አላቆም ስላለ አናቱ ላይ የብረት ጦር ተተከለበት ይላሉ። ዛሬም በኅዳር ወር አካባቢ ገበሬዎች የመጀመሪያ የለውዝ ምርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጎዳናውም በለውዝ ክምር ይሞላል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጋቪ ጋንጋዳሬሽዋራ የተባለ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ አለ። የእኛ ጥምቀት ከመድረሱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ ጥር 6 ገደማ፣ የማታ ፀሐይ በመስኮት ገብታ በናንዲው ሐውልት ቀንዶች መካከል አልፋ በውስጠኛው ክፍል ያለውን የሺቫ ምልክት ታበራለች። ዓለቱን የፈለፈሉት ሰዎች የፀሐይን መንገድ ምን ያህል ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

አንዳንድ ወገኖች ከእምነታቸው አንጻር የሂንዱ ቤተ መቅደስ መግባትን ይፈራሉ። ስሜቱን አከብራለሁ፤ ሆኖም ማየት ማምለክ አይደለም። ካህኑ የሚያቀርበውን የመብራት ሳህንና ግንባር ላይ የሚቀባውን ቀይ ዱቄት መቀበል የማይፈልግ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ቢል በትሕትናው ይታወቅለታል። ጫማ ማውለቁም ቢሆን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ተምረን ያደግነው ሥርዓት ነው። ቀትር ላይ ድንጋዩ ስለሚግል ለልጆች ካልሲ መያዝ ግን አይከፋም።

ብዙዎቹ የደቡብ ህንድ ቤተ መቅደሶች ቀትር ላይ ስለሚዘጉ ጠዋቱን ለእነርሱ፣ ከሰዓቱን ለላልባግ መስጠት ይመረጣል። በመካከል ያለው ምሳም አያሳስብም፤ ከሩዝና ከጥቁር ምስር የተቦካ ሊጥ በምጣድ ላይ የሚጋገረው ዶሳ እንጀራ ለለመደ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም፤ በ1924 የተመሠረተው ኤም ቲ አር የተባለው ምግብ ቤትም ከላልባግ አጠገብ ነው። ጾመኞች ዶሳው ያለ ቅቤ እንዲጋገር አስቀድመው ቢናገሩ ይሻላል። በላልባግ የአበባ ትርዒት በሚካሄድባቸው በጃንዋሪ 26 እና በኦገስት 15 አካባቢ ባሉት ቀናት ግን ግፊያው ስለሚበዛ ሕመምተኛ ይዞ መሄድን አልመክርም።

ሕሙማንን ወደ ህንድ የሚልኩ ወኪሎች ስለ ቪዛ፣ ስለ ማረፊያና ስለ አስተርጓሚ የሚያዘጋጁት ወረቀት አለ። በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ የእነዚህን ቦታዎች ስም፣ ከሆስፒታሉ የሚወስደውን የሜትሮ ባቡር ጣቢያና ቤተ መቅደሶቹ የሚከፈቱበትን ሰዓት ቢጨምሩበት ወጪው ከቀለም አያልፍም። ሳምንታትን በጭንቀት ለሚያሳልፍ አስታማሚም ከሕክምናው ዝግጅት ተለይቶ ሊታይ የማይገባው ጉዳይ ነው።